ዝም በይ፣ ሲሪ!

ኦስሎ ውስጥ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት በረዳትነት ስቀጠር በጣም ያስቸገረኝ ብርዱ ሳይሆን «አንቺ» ማለት ነበር። እዚህ አገር ኃላፊዋንም ሆነ አፏን በቅጡ ያልፈታችውን ሕፃን በስሟ ትጠራለህ፤ «እርስዎ» ብሎ ነገር የለም። የእኔ ኃላፊ ከሃምሳ ዓመት በላይ ናት፤ ስሟ ሲሪ ነው። የኖርዌይ ሰላምታ ደግሞ «ሄይ» ነው። እንግዲህ ሁለቱን ቃላት ገጣጥሙና ወደ ኪሴ ተመልከቱ፦ ቋንቋ ያለማምደኛል ብዬ ወደ ኖርዌይኛ የቀየርኩት አይፎኔ ውስጥ ያለችው፣ በድምፅ የምትታዘዘውና የምትመልሰው ረዳት ስሟ ሲሪ ነው፤ የምትነቃውም «ሄይ ሲሪ» ሲባል ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በሳል ተወጣኋቸው። ኪሴ መናገር ሲጀምር እኔ እስላለሁ። ኃላፊዬ የሳንባ በሽተኛ ሳልመስላት አልቀረሁም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ወላጆች ልጆቻቸውን ከበረዶ ልብስ ውስጥ እየፈለቀቁ ሳለ፣ «ሄይ ሲሪ፣ ደህና አደርሽ? ደክሞሻል ልበል?» አልኳት። «እኔ እንቅልፍ አያስፈልገኝም» አለ ኪሴ። ደሜ ፈላ። ኪሴን በጥፊ መታሁና፣ «ዝም በይ፣ ሲሪ! አንቺን ማን አናገረሽ?» ብዬ ጮህኩ። ኖርዌይኛዬ ያለ አንዳች ስሕተት የወጣው በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። አንድ አባት የልጁን ጓንት እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ስልኩን አውጥቼ ባሳየኋት ጊዜ ሲሪ እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ቡና ቀድታ አስተማረችኝ። ሲሪ የሲግሪድ ቁልምጫ ነው፤ ሲግሪድ ደግሞ በጥንቱ የኖርስ ቋንቋ «ድል» እና «ቆንጆ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ስም ነው። ስሙ ስልኩ ውስጥ የገባው ፕሮግራሙን ከፈጠሩት ሰዎች አንዱ በሆነው በዳግ ኪትላውስ ምክንያት ነው። ሰውየው የኖርዌይ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ሲሆን ኖርዌይ ውስጥም ሠርቷል። ሴት ልጅ ብትወለድለት ሲሪ ሊላት አስቦ ነበር፤ ወንድ ተወለደለት። ስሙ ለፕሮግራሙ ተረፈ፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 ገዛው፣ በ2011 ስልኩ ላይ ጫነው። በእኛ ክፍል ዛሬ ሁለት ትናንሽ ሲግሪዶች አሉ፤ የአያቶች ስም ተመልሶ መጥቷል። ሲሪ የምትባል ሕፃን ግን አንዲትም የለችም። ማን በልጁ ላይ ይፈርዳል?

«በድሮው ትረካ ንግሥት ሲግሪድ የሰለቿትን ለጋብቻ ጠያቂዎቿን አዳራሽ ውስጥ እንዳሉ አቃጥላቸዋለች» አለችኝ ጽዋዋን እያስቀመጠች። «ዝም በይ ስትለኝ አስብበት።»

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «ድል ከሆነማ ምን ያስጨንቅሃል ልጄ፣ ድልነሽ በላት!» አለችኝ።

በማግስቱ «ሄይ» የሚለውንም ትቼ፣ በሩ ላይ «ድልነሽ!» ብዬ ተቀበልኳት። ኪሴ ዝም አለ። ደስታዬ ለከት አልነበረውም፤ በየማለዳው ድልነሽ፣ ድልነሽ እያልኩ ሰነበትኩ። ልጆቹ ግን ቃሉን «እንደምን አደርክ» ማለት ነው ብለው ያዙት፤ ለወላጆቻቸውም አስተማሩ። ባለፈው ዓርብ ያ ባለ ጓንቱ አባት ከሩቅ ባርኔጣውን አነሣና፣ «ድልነሽ!» አለኝ።

«ድልነሽ» አልኩት።