ጥሩምባው ለእኛ ቤት ሲነፋ

ጌታ ያደረገልኝን ለመናገር ስነሣ አስቀድሜ የደበቅሁትን ማውጣት ግድ ይለኛል፤ አለዚያ ምስክርነቱ ግማሽ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ግንቦት የአራት ወር የቤት ኪራይ አልከፈልኩም ነበር። በወር 42,000 ብር፣ በድምሩ 168,000። በዚያ እኔ በምመራው መጠለያ ቤት 43 ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ሁሉም ከጎዳና የተነሡ፣ ዘጠኙ ከአልጋ የማይወርዱ። ዕዳውን የምናውቀው እኔና አከራዩ ብቻ ነን። ቦርዱ አያውቅም፣ አብረውኝ የሚያድሩት ነርሶች አያውቁም፣ ወጥ የምትሠራልን እህት አታውቅም። ጠዋት ጠዋት በጋራ ጸሎት ላይ እጄን ዘርግቼ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ቤት ባርክ» እላለሁ፤ ቤቱ ከእጃችን እየወጣ እንደሆነ ግን ትንፍሽ አልልም። መሪ ማለት ጭንቁን ለብቻው ውጦ ለሌላው ፈገግታ የሚያሳይ ይመስለኝ ነበር።

ነርስ ነኝ። በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ እንቅልፍ የነሡኝ ታክመው የሚወጡት ናቸው። እግሩ የቆሰለ የጎዳና ሰው ይመጣል፤ ቁስሉን አጥበን በንጹሕ ፋሻ እንጠቀልልለታለን፣ «በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» ብለን ክኒን እንሰጠዋለን። ከየትኛው ምግብ በኋላ? በሳምንቱ ፋሻው ጭቃ ሆኖ ይመለሳል። የአእምሮ ሕመምተኛው ደግሞ ከአማኑኤል ሆስፒታል ተረጋግቶ ይወጣል፤ ሌሊት በብርድና በዱላ ፍርሃት እንቅልፍ ያጣል፣ ክኒኑ ይጠፋበታል፣ ብዙ ሳይቆይ እጁ ታስሮ ይመለሳል። አልጋ የሌለው ሰው መድኃኒት ቢሰጡት ውኃ ላይ እንደ መጻፍ ነው። ይህን ስለማውቅ ቅዳሜ ቅዳሜ መቄዶንያ እየሄድኩ አረጋውያን ማጠብ ጀመርኩ። ቢኒያም በለጠ ያንን ማዕከል በ2002 ዓ.ም. በወላጆቹ ቤት እንደጀመረው ስሰማ «እኔስ?» አልኩ። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው ቃላቸው ልቤ ውስጥ ተተከለ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ሲወጣ በተከታዩ ዓመት ተመዝግበን ኮተቤ ውስጥ አንድ ሰፊ ግቢ ተከራየን።

ያ ሰኔ ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣብን። አከራዩ «በ30 ቀን ውስጥ ልቀቁ» የሚል ወረቀት ሰጠኝ። አልፈርድበትም፤ አራት ወር ታግሦኛል። በዚያው ሳምንት ግርሻ ገባብን።

ግርሻን የማያውቅ ይኖራልና ልንገራችሁ። በቅማል የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ክረምት ሲገባ የጎዳና ሰው ለሙቀት ተጠጋግቶ ሲተኛ ይነሣል። ቅማል ትኩሳት አይወድም። የበሽተኛው ገላ ሲነድ ትቶት ወደ ጎኑ ወደተኛው ይሻገራል፤ ሰውየው ሲያከው ይፈርጥና በተቧጨረው ቆዳ በሽታው ይገባል። ትኩሳቱ ጥቂት ቀን ይይዝና ይለቃል፤ ዳነ ሲባል እንደገና ይመጣል፣ ስሙም ከዚያ ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ይበቃል። የሚያስፈራው ከመርፌው በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ጀርሙ ሲሞት በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ አጠገቡ ተቀምጦ ግሉኮስ የሚያንጠለጥልለት ከሌለ የሚያድነው መርፌ ሊገድለው ይችላል።

አዲስ የተቀበልናቸው ሁለት ወጣቶች ይዘውት ገቡ። በሳምንት ውስጥ ስድስት ሰው ተኛ። ልብስና ብርድ ልብስ በበርሜል ቀቀልን፣ ጠጉር ላጨን። ሌሊት ሌሊት በእጅ ባትሪ የደም ግፊት እየለካሁ እጸልያለሁ። ጸሎቴ አንድ ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ 168,000 ብር ስጠኝ።» ቁጥሩን ቆርጬ ለእግዚአብሔር አቀረብኩለት። ሦስት ቀን ጾምኩ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር «ይኸው መጣ» እላለሁ። አልመጣም።

ከስድስቱ አምስቱ ዳኑ። አባባ አልዳኑም።

አባባ ከእኛ ጋር ሁለት ዓመት ሲኖሩ ስማቸውን ነግረውን አያውቁም። ምናልባት ጠፍቷቸው ይሆናል። አንገታቸው ላይ ያለቀ ማዕተብ ነበራቸው፤ ያንን ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። ከምግብ በፊት አማትበው ለጎረቤታቸው ይቆርሱ ነበር። ልባቸው ደካማ ነው፤ ያን ሌሊት እጃቸውን ይዤ ሁለት ሰዓት ታገልን፣ ሊነጋጋ ሲል አለፉ።

በማዕተባቸው እንዲቀበሩ ፈለግሁ። እኔ ወንጌላዊት ክርስቲያን ነኝ፤ እሳቸው ግን በጥምቀታቸው የኖሩ ሰው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የንስሐ አባታቸው ማን እንደሆኑ፣ የየትኛው እድር አባል እንደሆኑ ተጠየቅሁ። ሥርዓቱ ነው፤ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ግን ምን ልመልስ? ስም የለኝ፣ መታወቂያ የለኝ፣ እድር የለኝ። ከዚህ በፊት ያረፉብንን ማዘጋጃ ቤት ነበር የሚቀብርልን፤ መኪና መጥቶ ይወስዳል፣ እኛ አራት አምስት ሆነን እንሸኛለን፣ በቃ። ዝናቡ እየወረደ፣ ባዶ እጄን ወደ ግቢ ተመለስኩ።

ወጥ ቤት ገባሁና ምድጃው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ መጡ። ያኔ ውስጤ ያለው ግድብ ተናደ። የኪራዩን ነገር፣ የ30 ቀኑን ወረቀት፣ በውሸት ፈገግታ ያሳለፍኳቸውን ጠዋቶች ሁሉ አወጣሁት። «ይቅር በሉኝ፤ ቤታችሁ ነው፣ ደበቅኋችሁ» አልኳቸው። ማንም አልተቆጣኝም። ወጥ ሠሪዋ እህት እጇን በሽርጧ ጠርጋ ራሴ ላይ ጫነችና በራሷ ቃል ጸለየች፤ ብቸኛውን በቤት የሚያሳድር አምላክ ብላ ጠራችው። እኔ ስንት ቀን ስለ ብር ስጮህ በዚህ ስሙ አልጠራሁትም ነበር።

ዘበኛችን በጸሎቱ መካከል ወጣ። እሱ ራሱ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ሰባት ዓመት ያደረ ልጅ ነው፤ ከኛ ዘንድ ድኖ ነው ዘበኛ የሆነው። የት እንደሄደ አላወቅንም። ለካ የሰፈሩን እድር ሰብሳቢ በር ሊያንኳኳ ሄዶ ኖሯል።

እዚህ ላይ ስለ ጎረቤቶቻችን መናገር አለብኝ። ወደ ሰፈሩ ከገባን ጀምሮ አልወደዱንም። ጩኸት ያውካቸዋል፣ ለልጆቻቸው ይፈራሉ። ከአንድ ዓመት በፊት እንድንነሣ ፊርማ አሰባስበው ለወረዳ አስገብተዋል፤ ፊርማውን ያሰባሰቡት እኚሁ ሰብሳቢ ናቸው። እኔም በበኩሌ አንድ ቀን እንኳ ቡና ጠርቻቸው አላውቅም። ቂም ይዤ በራችንን ዘግተን ነበር የምንኖረው።

በማግስቱ ጨለማው ሳይገፍ ሰብሳቢው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። አስከሬኑ ያለበት ክፍል በር ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሲስተር፣ ሬሳ ይዛችሁ እንዴት ዝም ትላላችሁ?»

«እድርተኛ አይደለንማ፣ ጋሼ።»

«ሬሳ እድርተኛ ነህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል?»

ከዚያ ዝም አሉ፤ አባባን ብዙ አዩአቸው። ቀስ ብለው «ፊርማውን ያሰባሰብኩት እኔ ነኝ፤ ታውቂያለሽ» አሉኝ። «አውቃለሁ ጋሼ» አልኩ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። በዚህ ግቢ በሽታ እንጂ ሰው ያለ አልመሰለኝም።»

በሦስት ሰዓት የእድሩ ድንኳን ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። ወንበር መጣ፣ ብረት ድስት መጣ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ሰብሳቢው ራሳቸው የንስሐ አባታቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ ነገሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ወደ 70 ሰው አባባን ሸኘ። ስማቸውን የማያውቅ ሕዝብ አለቀሰላቸው። ክራንች የያዙት ሰዎቻችን እስከ በሩ ወጥተው ቆመው ነበር፤ ወጣቶቹ መጥተው ደግፈው እስከ አስፋልቱ ሸኟቸው። እኔ በቀብሩ ላይ ቆሜ ስለ ኪራይ አንዲት ቃል አላሰብኩም።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሳይነሣ የኪራዩን ነገር የጠየቁኝ ሰብሳቢው ናቸው። ዘበኛው ነግሯቸዋል። አልደበቅኩም፤ የአከራዩን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሦስት ሽማግሌ ሆነው አከራዩ ዘንድ ሄዱ። እስከ መስከረም መጨረሻ እንድንቆይ፣ ዕዳውን በወር 12,000 እየከፈልን እንድንጨርስ ተስማማ። ክረምቱን በጣራ ሥር አሳለፍን። እነዚያ ፊርማ የፈረሙ ሰዎች በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ቤት እንፈልግላቸው» አሉ። ልጆቻቸው ውጭ አገር የሚኖሩ አንዲት እማማ ከእኛ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ትልቅ ግቢ አላቸው። በወር 18,000 ብር ግቢውን አከራዩን፤ «ግቢው ጭር ብሎብኛል፣ ሰው ይግባበት» ነው ያሉት። ጥቅምት ላይ አልጋዎቹን የሰፈሩ ልጆች በትከሻቸው ተሸክመው አሻገሩልን። እናቶቻቸው ይፈሩላቸው የነበሩት ልጆች ናቸው!

የጠየቅኩት 168,000 ብር አልመጣም። ዕዳውን በ14 ወር ከፍለን ጨርሰናል፤ አንዳንዱ ወር በጣም ከብዶን ነበር። አባባንም አጥቻለሁ፤ ቶሎ ተናግሬ የሚረዳን ቢገኝ ኖሮ ግቢው ባልተጨናነቀ ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ፤ ይህን ጌታ ፊት አቅርቤዋለሁ። ነገር ግን ምን ከምን እንዳወጣኝ አውቃለሁ። አሁን በየወሩ ገቢና ወጪያችን ወጥ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል፤ የጎደለውን ማንም ሰው ቆሞ ያነብበዋል፣ በጠዋቱ ጸሎት ላይም በቁጥሩ ይጠራል። ስሙ ይባረክ፣ እነሆ በሰላም እተኛለሁ።

እድሩ ቤታችንን እንደ አንድ አባል መዘገበው፤ 42ቱ በቤተሰብነት ተጻፉ። መዋጮውን በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ራሴ ይዤ እሄዳለሁ።

በጥር አንዲት እናታችን አረፉ። ገና ሳይነጋ ጥሩምባ ነፊው በራችን ላይ ቆሞ «በማን ስም ልጥራ፣ ሲስተር?» አለኝ። ስማቸውን ነገርኩት። ነፋው፤ ከዚያ ስማቸውን በሰፈሩ መካከል እየጠራ ሄደ። በሦስት መንታ መንገድ ሲጠራቸው ሰማሁ።

ወደ ክፍሎቹ ስመለስ ከወገባቸው በታች የማይንቀሳቀሱት አንድ ወንድማችን ነቅተው ጣራውን እያዩ ነበር።

«እኔ ስሞትም እንዲህ ይነፋል?» አሉኝ።

«ይነፋል» አልኩ።

ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያው መዝገቡን አምጪልኝ» አሉ። «ያስጻፍኩሽ ስም የኔ አይደለም።»