ዛሬ ዳጋ እስጢፋኖስ
ከባሕር ዳር በጀልባ የጣናን ሐይቅ ተሻግረን የነዐፄ ዘርአ ያዕቆብና የነዐፄ ፋሲል ዐፅም ካረፈበት ደሴት ዋልን። ሁሉም «ሥዩመ እግዚአብሔር» ተብለው የነገሡ ናቸው።

መሪ «ፈጣሪ አዝዞኝ ነው» ሲል እኔን የሚያሳስበኝ እምነቱ አይደለም፤ ውሳኔው ሲበላሽ ማን ያርመዋል? ተቃዋሚው ወዲያው የእግዚአብሔር ተቃዋሚ ይሆናላ!

ከዚሁ ሐይቅ ሰሜን ዳር ጎርጎራ ላይ የከተሙት ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 (እ.ኤ.አ.) ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ። ቀጥሎ ሕዝቡ ዳግም ይጠመቅ፣ ካህናቱም ዳግም ይሾሙ ተባለ። አገር ተነሣ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ያለ ጦርነት የሚሽረው አካል ስላልነበረ ዐሥር ዓመት ፈጀ።

የ1948ቱ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱን ሰውነት ቅዱስ አድርጎ ነበር። የ1987ቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። እንግዲያው ራእይ አየሁ ለሚል ባለሥልጣን፦ በጀቱ ስንት ነው? ማን አጸደቀው? ካልሠራስ በምን ሥርዓት ይሻራል?