ሞተሪኖ ከመቀየር በፊት

መኪናዬ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ የተሠራች ኮሮላ ናት። ጠዋት ሳቢያን ካለው ቤቴ ስወጣ ቁልፉን አንድ ጊዜ እንዳዞርኩ ትነሣለች። ከሐረር ተነሥቼ፣ የደንገጎን ቁልቁለት ጨርሼ ድሬዳዋ ከገባሁ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ አቁሜያት ስመለስ ግን ከኮፈኑ ሥር «ቀጭ» የሚል አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል እንጂ ሞተሩ አይዞርም። ሦስት ሳምንት ያህል ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ በመንገድ ላይ ባገኘኋቸው ሰዎች ጉልበት በግፊ ሳስነሣት ቆየሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ምንም ሳይለካ «ሞተሪኖው ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ፤ ሞተሪኖ ማለት ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የአዲሱ ዋጋ 16,000 ብር፣ የእጅ 1,500 ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ተለውጦ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር ካለፈ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ መወደዱን ስለማውቅ በቁጥሩ አልተገረምኩም። ያሳዘነኝ ያን ያህል ገንዘብ ሲጠየቅ ባትሪው እንኳ አለመለካቱ ነው።

በመጋላ በኩል ወደሚሠሩ አንድ አንጋፋ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሄድኩ። «ልጄ፣ መኪናዋ ሳትበርድ አምጣልኝ» አሉኝ፤ ችግሩ የሚታየው በሙቀት ጊዜ ነውና ትክክል ነበሩ። የመዳብ ሽቦ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር ኤሌክትሪክን የማገድ ባሕርዩ በ20 በመቶ ገደማ ስለሚያድግ፣ ጠዋት እንደ ምንም የሚሠራ የደከመ ሞተሪኖ ከጋለ ሞተር አጠገብ ተቀምጦ ሲግል አቅም ያጣል።

ቴስተራቸውን አውጥተው ባትሪውን ለኩ፤ 12.6 ቮልት፣ ሙሉ ነው። ቀጥለው አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርገው «አሁን አስነሣ» አሉኝ። ሁለቱን የሚያገናኘው ገመድ ደህና ቢሆን ንባቡ ከግማሽ ቮልት ባላለፈ ነበር፤ የኔ ግን 0.9 አሳየ። ሞተሪኖ ሲዞር ከ100 አምፔር በላይ ስለሚስብ፣ በዛገ ገመድ ላይ የሚባክነው ጉልበት ቀላል አይደለም። ገመዱ ሲቀየር ለውጡ ወዲያው ታየ፤ ይሁን እንጂ መኪናዋ በጋለች ጊዜ አዟዟሯ ገና ይጎተት ነበር።

ስለዚህ ሞተሪኖው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተፈታ። ከውስጡ የወጣው ጥቁር የካርቦን ዱቄት እጃቸውን እስከ አንጓቸው አጠቆረው። ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው ክፍል ከሚያስተላልፉት አራት ካርቦኖች ሁለቱ አልቀው የጣት ጥፍር ያህል ብቻ ቀርተዋል፤ ስፕሪንጉም ሊደርስባቸው ስላልቻለ የሚፈተጉበትን የመዳብ ቀለበት በደንብ አይነኩም፤ መዳቡም በብልጭታው ጠቁሯል። ዘንጉን የሚደግፈው የኋለኛው ቡሽ ስለተበላ የሚዞረው ክፍል በአንድ ጎን ዘምሞ ቋሚውን ብረት ጭሮታል። ጠመዝማዛው ሽቦና ሞተሪኖውን ከሞተሩ ጋር የሚያጣምረው ጥርሳም ክፍል፣ ቤንዲክሱ፣ ግን ጤነኞች ነበሩ። መዳቡን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አጸዱ፣ ካርቦንና ቡሽ ቀየሩ፣ ከዚያም መኪናዋ ላይ ሳይመልሱት በባትሪ አዙረው አሳዩኝ።

ካርቦን 800፣ ቡሽ 500፣ ገመድ 900፣ የእጅ 1,500፤ በድምሩ 3,700 ብር ከፈልኩ። እንዲህ ዓይነት መኪና ያላችሁ ሁሉ፣ ሽቦው እስካልተቃጠለ ድረስ ከመኪናው ጋር የመጣውን ሞተሪኖ እንድታሳድሱት አጥብቄ እመክራለሁ፤ የቀድሞው ሥራ ከብዙዎቹ አዳዲስ ቅጂዎች ይልቅ ጠንካራ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት መኪኖች ገና ረጅም ዘመን ሊያገለግሉን ይገባል።

ባለሙያው ግን አንድ ነገር አልደበቁኝም። ሞተሪኖው በወጣበት ቀዳዳ ባትሪ አብርተው ቤንዲክሱ የሚያዞረውን ትልቅ ጎማ፣ የቮላኖውን፣ ጥርሶች አሳዩኝ፤ በአንድ በኩል ያሉት ጫፋቸው ተበልቷል። እሱን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ ስላለበት ለብቻው ማሠራቱ አያዋጣም፤ ፍሪሲዮን በሚቀየርበት ጊዜ አብሮ እንዲሠራ ተነጋግረን፣ ከተረፈኝ ገንዘብ ላይ 6,000 ብር ለዚያ አስቀምጫለሁ።