ውሃ በሲኒ፦ ከጨጓራ ቀዶ ጥገና በኋላ ያሉት 4 ሳምንታት

ሐምሌ 18 ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ክብደት ለመቀነስ የሚሠራው፣ ስሊቭ የሚሉት ነው። ከጨጓራ 80 በመቶ ገደማው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ሙዝ የሚመስል ቀጭን ቱቦ ነው። 118 ኪሎ ነበርኩ፣ ስኳርም ጀምሮኝ ነበር። ወሩን የመረጥኩት አስቤበት ነው። አስተማሪ ስለሆንኩ ክረምቱን ቤቴ አገግሜ፣ ማንም ሳያውቅ መስከረም ላይ ክፍል እገባለሁ ብዬ ነበር።

የነገርኩት ለቤተሰብ ብቻ ነው። ጎረቤቶቼን "የሐሞት ጠጠር ነው" አልኳቸው። ሰው ስለ ውፍረቴ ሲያወራ ስለኖረ፣ አሁን ደግሞ ስለ ጨጓራዬ እንዲያወራ አልፈለግኩም። ይህቺ ውሸት ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍላኛለች።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለንም። ከሆስፒታል በወጣሁ ቀን በጭቃው መሀል መኪናው በሩ ድረስ ቢጠጋም 72 ደረጃ ይጠብቀኝ ነበር። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ስለነበር ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። በየፎቁ ቆመን ተነፈስን። ሐኪሜ ቀድሞ "ደረጃ አይጎዳሽም፣ ቀስ ብለሽ ውጪ" ስላለኝ ነው እንጂ ፈርቼ ነበር።

ቁስሉ ያመኛል ብዬ ስጠብቅ ያመመኝ ትከሻዬ ነው። ሆድ ውስጥ እንደ ልብ ለመሥራት በጋዝ ይነፉታል። የተረፈው ጋዝ ከሳንባ ሥር ያለውን ጡንቻ ሲነካው ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ክኒኑ ብዙም አልረዳኝም። የረዳኝ መራመድ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ተነስቼ በኮሪደሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እመላለስ ነበር። በ4ኛው ቀን ለቀቀኝ። መራመዱ እግር ላይ ደም እንዳይረጋም ይጠቅማል። ለዚሁ ለደም መርጋት የታዘዘልኝን የደም ማቅጠኛ መርፌ ደግሞ 3ኛ ፎቅ ያለችው ሲስተር በየቀኑ እየመጣች ሆዴ ላይ ትወጋኝ ነበር። እናቴ ፊቷን ታዞራለች።

አንድ ደግ ሰው "ለሕመሙ ይሆንሻል" ብሎ ዳይክሎፌናክ አመጣልኝ። አልወሰድኩም። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት ጨጓራን ስለሚያቆስሉ ከሆስፒታል ስወጣ አጥብቀው ከልክለውኛል። ለእኔ የታዘዘው ፓራሲታሞል ነበር።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው።

በቀን 1 ሊትር ተኩል ፈሳሽ ጠጪ ተባልኩ። ድሮ ያንን በሁለት ትንፋሽ የምጨርስ ሰው ነኝ። አሁን ግን አንድ ጉንጭ ሞላ አድርጌ ከዋጥኩ ደረቴ ይጨነቃል። ሆስፒታል በ30 ሚሊ ሊትር የመድኃኒት ኩባያ ነበር የሚሰጡኝ። ቤት ስመጣ እናቴ የቡና ሲኒ አነሳች። በመድኃኒት ኩባያዋ ለካነው፤ ሁለት ተኩል ያዘ፣ ማለትም 75 ሚሊ ሊትር። 20 ሲኒ ከጠጣሁ 1 ሊትር ተኩሉ ይሞላል ማለት ነው። አንዱን ሲኒ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ወሰንን። እናቴ በእስክሪብቶ ግድግዳው ካሌንደር ላይ ጭረት ታደርጋለች፤ አራት ጭረትና አንድ መሻገሪያ፣ ልክ የዕቁብ ሒሳብ እንደሚያዝ።

በ5ኛው ቀን እንግዳ ሲገባ ሲወጣ ተዘናግቼ 9 ጭረት ላይ ቀረሁ። ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቆረ። ከአልጋ ስነሳ ዓለም ዞረብኝ፤ እናቴ ባትይዘኝ ወድቄ ነበር። ከዚያ በኋላ ሲኒው ከጎኔ ተለይቶ አያውቅም። እንግዳ እያወራኝ እጠጣለሁ፣ ጸሎት ላይም አጠገቤ ነው። የዚህ ኦፕራሲዮን የመጀመሪያ ሥራ መጠጣት ነው፤ ክብደቱ ራሱ ይወርዳል።

ሌላው የኮንዶሚኒየም ጣጣ ጀሪካን ነው። እኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። እኔ ደግሞ ለ6 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ እንዳላነሳ ተነግሮኛል፣ ጀሪካኑ 20 ነው። ቀድሜ ከሰፈር ልጅ ጋር ተነጋግሬ ስለነበር እሱ ያወጣልን ነበር። እንደኔ ከከተማው ዳር የምትኖሩ ከሆነ፣ ሌሊት ቢያምማችሁ ማን በመኪና እንደሚያደርሳችሁም ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ። የእኔው ታችኛው ፎቅ ያለ ባለ ላዳ ነበር፤ ስልኩን በር ላይ ለጥፈነዋል።

ርሃብ የሚባል ነገር የለም። የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት የጨጓራ ክፍል አብሮ ወጥቷል። አምሮት ግን የትም አልሄደም። ማታ ማታ የጎረቤት ቁሌት በደረጃው ሽቅብ ሲመጣ እንባዬ የመጣበት ቀን አለ። ቡናም ለጊዜው ተከልክያለሁ፤ ሲፈላ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጭሱን ብቻ እወስዳለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ውሃና የተጠለለ ሾርባ ብቻ ነበር። ከዚያ እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወተት፣ ቀጭን አጥሚት፣ እርጎ። አጥሚቱን እናቴ በነጠላ ጨርቅ ታጠልለዋለች። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ሰውነት ጡንቻን ይበላል። አጥሚት ብቻውን ፕሮቲኑ ትንሽ ነው። ስለዚህ የዱቄት ወተት እየበጠበጥን ጨመርንበት። ይህን ሐሳብ ያመጣችው እናቴ ናት፣ ሐኪሜም ወዶታል።

11ኛው ቀን ላይ ከጎን ያሉት እማማ ገንፎ ይዘው መጡ።

ከእንጨት ጣባ ውስጥ እንፋሎቱ ይወጣል። መሀሉ ላይ ቅቤና በርበሬ። እኒህ ሴት እግራቸውን እያመማቸው ከጠዋት ጀምሮ ሲያገነፉ እንደነበር ገባኝ። የሐሞት ጠጠር ላወጣ ሰው ብለው፣ አራስና ታማሚ የሚጠየቅበትን ነው ያመጡት። "በሞቴ፣ አንዴ ብቻ! እኔ ልሙትልሽ!" አሉ። እናቴ አየችኝ። ምን ብዬ እምቢ ልበል? ዋሽቻለሁ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቆርጬ ዋጥኩ።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ደረቴ መሀል ድንጋይ የተቀመጠ መሰለኝ። አፌ በአረፋ ምራቅ ሞላ። ላብ አጠመቀኝ። እማማ "ምን አደረግኋት!" እያሉ ጭንቅላታቸውን ያዙ። ግማሽ ሰዓት ታግዬ አስመለሰኝ። ያኔ ቀለለኝ፣ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም፤ የተሰፋው ተተርትሮ ቢሆንስ?

ደወልን። ስልኩን ያነሳው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀው ሙቀቴንና የልብ ምቴን ነው። ሲስተሯ ከ3ኛ ፎቅ ወጥታ ለካችኝ፤ ሙቀቴ 36.8፣ ምቴ 92። ትኩሳት፣ ከ120 በላይ የሚመታ ልብ፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ወይም ያበጠ ባት ቢኖር በዚያው ሌሊት እንድንመጣ ነገረን። ለ24 ሰዓት ወደ ንጹህ ፈሳሽ ተመለስኩ። ማስመለሱ ቢቀጥል ኖሮ መሄዴ ግድ ነበር፤ ደጋግሞ የሚያስመልስ ሰው ቫይታሚን ቢ1 አልቆበት ነርቩ ሊጎዳ ይችላል።

በማግሥቱ እማማን አስጠራኋቸው። "ይቅር ይበሉኝ፣ ዋሽቼዎታለሁ" አልኩ። ጨጓራዬን እንዳስቀነስኩ፣ አሁን ሁለት ሲኒ እንኳ እንደማይዝ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ታዲያ ምንድነው የምትችዪው?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሬን የያዙት እማማ ናቸው። ጠያቂ ድስት ይዞ ሲመጣ በረንዳ ላይ ይቀበሉታል። "ሐኪም ከልክሏታል፣ ለእናትየው ይሁን" ይላሉ። እኔ ሳምንት ሙሉ እምቢ ማለት ያቃተኝን እሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት። ምስጢሬን ለማንም አላወሩም። ይህን የምጽፈው በዋናነት ለዚህ ነው። ለሁሉም ሰው ንገሩ አልልም። ግን በእኛ አገር ፍቅር የሚመጣው በምግብ ነው። እውነቱን የሚያውቅ አንድ ጎረቤት ከሌላችሁ ያ ፍቅር ይጎዳችኋል።

3ኛው ሳምንት ላይ ፍልሰታ ገብቶ ነበር። ተወልጄ ካደግኩ ፍልሰታን ሽሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ደወልኩ፤ "መድኃኒትሽ ነው፣ ያዘዙሽን ውሰጂ፤ ስትድኚ ትጾሚያለሽ" አሉኝ። እናቴ ግን ትጾማለች። እየጾመች የዶሮ ሾርባ ትሠራልኛለች። ጨው መቅመስ አትችልም። ማንኪያውን እየያዘች አልጋዬ ድረስ ትመጣለች፣ እኔ ቀምሼ "ትንሽ ጨምሪ" ወይም "በቃ" እላለሁ። ከዚያ እጇን ታጥባ ወደ ኪዳነ ምሕረት ትሄዳለች።

የላመ ምግብ የጀመርኩትም ያኔ ነው። በርበሬ የሌለው ቀጭን ሽሮ ባለውለታዬ ነው፤ በተፈጥሮው የላመ ነው፣ ከጥራጥሬ ስለሆነም ፕሮቲን አለው። በሻይ ማንኪያ፣ 20 ደቂቃ ወስጄ እበላለሁ። ከምግብ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ውሃ የለም። ቫይታሚኑን ደግሞ በየቀኑ፤ እሱ ዕድሜ ልክ ነው።

በዚያው ሳምንት ሚዛኑ ቆመ። በሁለት ሳምንት 8 ኪሎ ወርጄ፣ ከዚያ ለ9 ቀን አንድ ግራም እንኳ አልነቃነቅ አለ። አለቀስኩ። ኋላ እንደተረዳሁት መጀመሪያ በፍጥነት የሚወርደው ብዙው ውሃ ነው፤ ሰውነት ደግሞ ያንን መልሶ ሲይዝ ስቡ ቢቀንስም ሚዛኑ አያሳይም። ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ሚዛኑን አልጋ ሥር ከተትኩት።

ነሐሴ 16 ጾሙ ተፈታ። እማማም መጡ፣ ሶስታችን ዶሮ ዙሪያ ተቀመጥን። እናቴ አንዱን እንቁላል አውጥታ በሞቀ ውሃ በርበሬውን አጠበችው። በሹካ አልማ ከእርጎ ጋር ለወሰችው። እኔ ግማሹን በማንኪያ በላሁ፣ 20 ደቂቃ ፈጀብኝ። ስጨርስ እማማ እጃቸውን ታጠቡ። ከቀረው ላይ በሦስት ጣታቸው ሽምብራ የምታክል ቆንጥረው ወደ አፌ ዘረጉና መንገድ ላይ አቆሙት።

"ይቺስ በዛች?" አሉ።

አፌን ከፈትኩ።