በግማሽ ሴንቲ ሜትር የተበላሁት ጦርነት

በአሻንጉሊት ወታደር የጦርነት ጨዋታ የሮማን ጦር ጠረጴዛ ላይ ልትደረድሩ ካሰባችሁ መጀመሪያ ማስመሪያ ያዙ። ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው የተዋረድኩት።

ወታደሮቹ ቁመታቸው 15 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለም መቀባቱ ሁለት ወር ፈጀ። ካርቶን ላይ ማጣበቁ አንድ ቅዳሜ። ጋሻዎቹን ከማጣበቃችሁ በፊት ቀቡ፣ በቃ።

የመረጥነው ውጊያ የሰሜን አፍሪካው ዛማ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ202 የሮማው ጦር መሪ ሲፒዮ የካርቴጁን ሃኒባልን ያሸነፈበት። እኔ ሲፒዮ፣ ጓደኛዬ ሃኒባል። የሮማ እግረኛ በሦስት መስመር ይቆማል፤ ፊት ሃስታቲ፣ መሃል ፕሪንኪፔስ፣ ኋላ ትሪያሪ። የጨዋታው መመሪያ ጭፍሮቹን እንደ ዳማ ሰሌዳ አፈራርቃችሁ አቁሙ ይላል፤ የፊቱን ክፍተት ከኋላ ያለው ይሸፍነዋል። ሲያዩት ያምራል። ዝሆን ሲመጣ ግን ክፍተቱን የሸፈነው ጭፍራ ነው የሚረገጠው። በዚህ ላይ መመሪያውን አትስሙት። ሃኒባል ከ80 በላይ ዝሆን ይዞ ሲመጣ፣ ሲፒዮ ጭፍሮቹን አንዱን ከአንዱ ኋላ አሰልፎ ከፊት እስከ ኋላ መተላለፊያ ከፈተ። ገሚሱ ዝሆን በመለከት ጩኸት ደንብሮ ወደ ራሱ ፈረሰኞች ዞረ፤ ሌላው በመተላለፊያው አለፈ።

ይህን ሁሉ አውቄ ነው የገባሁት። መተላለፊያውንም ከፈትኩ። ግን በዓይኔ ለክቼ!

ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ዝሆን ሲገፋ ዳኛው «ቆይ» አለ። ከኪሱ ማስመሪያ መዘዘ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጎንበስ አለ። ዝሆኑ የቆመበት ካርቶን 4 ሴንቲ ሜትር። የኔ መተላለፊያ 3 ተኩል።

«አያልፍም። ይጋጫል።»

«የዛማ ዝሆን እኮ ካርቶን ላይ አልቆመም!» አልኩት።

«መመሪያው ነው» ብሎ ሻዩን ፉት አለ። እስካሁን ያ ፉት ማለቱ ያበሽቀኛል። ከሱ ይልቅ ግን በራሴ ነው የምናደደው፤ ሁለት ወር ሙሉ ጋሻ ስቀባ አንድ ቀን እንኳ ዝሆን አልለካሁም።

ሃስታቲዎቼ በሁለት ዙር አለቁ። መመሪያው ትሪያሪን እስከ መጨረሻ አቆዩ ስለሚል ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አቁሜያቸው ነበር። ሮማውያን ነገር ሲከፋ «ጉዳዩ ትሪያሪ ጋ ደረሰ» ይሉ ነበር። የኔ ጉዳይ እዚያ ሲደርስ የሚታደጉት ሰው አልቀረም። እናንተ ከፕሪንኪፔስ አንድ ስንዝር እንኳ አታርቋቸው።

ስትደረድሩ ደግሞ ፈረሰኞቹን መጨረሻ ላይ አውጡ። እኔ ቀለማቸው አምሮልኝ የሲፒዮ አጋር የነበረውን የማሲኒሳን ኑሚዲያውያን ፈረሰኞች ቀድሜ በቀኝ አቆምኩ። ጓደኛዬ አየና ዝሆኖቹን በሙሉ ወደ ግራዬ ወሰዳቸው።

አሁን ሳጥኔ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠች ቀይ እንጨት አለች። በየመተላለፊያው አስገብቼ እሞክራታለሁ። ባለፈው ያው ዳኛ ራሱ ሊጫወት መጥቶ አውሰኝ አለኝ።

አልሰጠሁትም።