ጠዋት ጠዋት አልነሳም የሚለው ቦይለር

አዲስ የጋዝ ቦይለር፣ ማለትም ለቧንቧና ቤት ለሚያሞቁ ራዲያተሮች ውሃ የሚያሞቀው ማሽን፣ እምቢ ሲል ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቦርዱን፣ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያውን ነው። ቦርድ ውድ ነው፣ ውስጡ ምን እንዳለ ለብዙዎቻችን አይገባንም፣ ስለዚህ ጥፋት ሁሉ እሱ ላይ ይላከካል። የጭስ ማውጫ ቱቦውን የሚጠረጥር ግን የለም ማለት ይቻላል። ፕላስቲክ ነው፣ ኮርኒስ ውስጥ ተደብቋል፣ ምን ሊሆን ይችላል?

ብዙ ሊሆን ይችላል። በብርዱ ወቅት ከረዳቴ ጋር የሄድንበት አንድ ቤት ነበር። ቦይለሩ ኮንደንሲንግ የሚባለው፣ በጭሱ ውስጥ ካለው እንፋሎት ጭምር ሙቀት የሚወስደው ዓይነት ነው፤ ከተገጠመ ገና ብዙም አልቆየም። የቤቱ እመቤት በሩን ሳይከፍቱልን በፊት ነው አቤቱታ የጀመሩት።

«ጠዋት ጠዋት ነው ልጄ። ሌሊቱን አርፎ ያድርና ጠዋት ስፈልገው አልነሳም ይላል። ደጋግሜ ሪሴት ሳደርገው ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ደግሞ ደህና ነው።»

ከእኛ በፊት የመጣ ቴክኒሽያን መለኮሻውን ቀይሮላቸዋል። ለውጥ የለም። ቦርዱንም ቀይሯል። አሁንም ያው። ክዳኑን ስከፍት አንዲት ነገር ዓይኔ ገባች። የጋዝ ቫልቩ ላይ ያለችው የማስተካከያ ብሎን ከፋብሪካ ስትወጣ የተቀባችው ማሸጊያ ቀለም ተሰንጥቋል። ሰው ነክቷታል ማለት ነው። ለጊዜው ዝም አልኩ።

ጋዙን አስቀደምን። የጋዝ መስመር ጉድለት ቦይለሩ ቆሞ ሳለ አይታወቅም። ጋዝ በማይፈስበት ሰዓት ግፊቱን ብትለካ 20 ሚሊባር ወይም ከዚያ በላይ ታያለህ፣ ሁሉ ሰላም ይመስላል። ቀጭን ቱቦም ቢሆን ቆሞ ሳለ ሙሉ ግፊት ያሳያል። 24 ኪሎዋት የሚሆን ቦይለር በሙሉ አቅሙ ሲነድ ግን በሰዓት ወደ 2.5 ሜትር ኩብ የተፈጥሮ ጋዝ ይስባል። ያኔ ቱቦው ከቀጠነ፣ ከረዘመ ወይም መታጠፊያው ከበዛ ግፊቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ የሙቅ ውሃ ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍተን በሙሉ አቅሙ እንዲነድ አደረግነው። ቆጣሪው ጋ ለካን፣ ቦይለሩ ጋ ለካን። ልዩነቱ 1 ሚሊባር እንኳ አልሞላም። ቫልቭ ዘግተን ግፊቱ ይወርድ እንደሆነ ጠበቅን፣ ንቅንቅ አላለም። መስመሩን የዘረጋው ሰው ሥራውን ያውቃል።

ረዳቴ ግራ ገባው። «አለቃ፣ ታዲያ ምን ቀረ? ቦርዱ አዲስ፣ መለኮሻው አዲስ፣ ጋዙ ደህና።»

«አየሩ ቀረ» አልኩት።

የእንዲህ ዓይነት ቦይለር ጭስ ማውጫ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቱቦ ነው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ። የውስጠኛው 60 ሚሊሜትር፣ የውጪው 100 ሚሊሜትር ነው። በውስጠኛው ጭሱ ይወጣል፣ በሁለቱ መሃል ባለው ክፍተት ደግሞ ንጹህ አየር ከውጭ ይገባል። ማራገቢያው አየሩን ይስባል፣ ጭሱን ይገፋል። ስለዚህ የውስጠኛው ቱቦ የትም ቦታ ትንሽ ቢላቀቅ፣ የተገፋው ጭስ ወደሚሳበው አየር ይገባል። ቦይለሩ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደተኛ ሰው የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል ማለት ነው።

ይህን ለማወቅ ኮርኒስ ማፍረስ አያስፈልግም። ቦይለሩ አናት ላይ ሁለት የመለኪያ ቀዳዳ አለ፤ አንዱ ለጭሱ፣ አንዱ ለሚገባው አየር። ብዙ ሰው የሚለካው የጭሱን ብቻ ነው። እኔ የአየሩን ሳልለካ የጭሱን ቁጥር አላምንም። ንጹህ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው። ብዙ የቦይለር መመሪያዎች ከ20.6 በታች ከወረደ ቱቦውን ፈትሽ ይላሉ።

መለኪያውን የአየሩ ቀዳዳ ውስጥ ከተትኩ። 20.9 ይል የነበረው ቁጥር ቀስ እያለ ወረደ። 20.3፣ 19.8፣ 19.3። እዚያ ቆመ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ባዶ መሆን ሲገባው 0.9 በመቶ አሳየ። ረዳቴ የመለኪያውን መስታወት በእጅጌው ጠረገው፤ ቁጥሩ ያው ነው። ቦይለሩን አጠፋን፣ ጋዙን ዘጋን።

ኮርኒሱን ከፈትን። ቱቦው ኮሪደሩን አቋርጦ ወደ ውጪው ግድግዳ ይሄዳል። ውሃ ልክ አስቀመጥኩበት። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ! ገጣሚው ተጠንቅቆ ነው የሠራው፤ ግን የተጠነቀቀው ለሌላ ዓይነት ቦይለር ነው። ኮንደንሲንግ ቦይለር ጭሱን በጣም ያቀዘቅዘዋል። ከራዲያተር የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ በታች ሲሆን በጭሱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃነት ይቀየራል፣ ትርፍ ሙቀቱ የሚገኘውም ከዚያ ነው። ቱቦው ውስጥም ውሃ ይፈጠራል። ያ ውሃ አሲድነት አለውና ተመልሶ ወደ ቦይለሩ፣ ከዚያ በሲፎኑ (ውሃ ይዞ ጭስ እንዳያልፍ በሚያግደው ጎባጣ ቱቦ) በኩል ወደ ፍሳሹ መሄድ አለበት። ስለዚህ ቱቦው በየሜትሩ 5 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ቦይለሩ መዝመም ነበረበት። እዚህ ቤት ያለው ግን ለጥ ያለ ነው። ቱቦውን የሚይዘው ስታፋም ከጫፍና ከጫፍ ብቻ ነው የተመታው፣ መሃሉ ባዶ። ውሃው መሃል ላይ ተጠራቀመ፣ ቱቦው በክብደቱ ጎበጠ፣ የጎበጠው ቱቦ መገጣጠሚያውን ሳበው።

መገጣጠሚያውን ስንፈታ ውሃው ባልዲ ውስጥ ተዘረገፈ። የውስጠኛው ቱቦ ጫፍ ላይ ሴጌቶ የተወው የፕላስቲክ ቅርፊት አልተጠረገም። ያ ቅርፊት ሲገባ የላስቲክ ቀለበቱን ቆርጦታል፤ ቁራጩ እንደ ምላስ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተንጠልጥሏል። ቱቦውን የቆረጠው ሰው ሁለት ደቂቃ ወስዶ ጫፉን በሞረድ ቢያለሰልሰው ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ቱቦውን ቀጥ አድርገን ቆረጥን፣ ጫፉን ሞረድን፣ ቀለበቱን ቀየርን። ለማስገባት የሳሙና ውሃ ተጠቀምን። ዘይትና ግራሶ ላስቲኩን ስለሚያበላሽ አይነካም። ስታፋ ጨመርን፣ ተዳፋቱን ሰጠነው። ከማስነሳታችን በፊት ሲፎኑን በውሃ ሞላነው፤ ደረቅ ሲፎን ካለ ጭሱ በፍሳሹ በኩል ቤት ይገባል።

አስነሳነው። አየሩ 20.9። ረዳቴ እጁን ጨበጠ። የጭሱን ስንለካ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 8.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ የዚህ ቦይለር መመሪያ የሚጠይቀው 9.2 ነው።

«አበላሸነው እንዴ?» አለኝ ደንግጦ።

የተሰነጠቀው ቀለም ትርጉም ያገኘው እዚህ ጋ ነው። የቀድሞው ቴክኒሽያን ጭሱን ለክቶ ቁጥሩ ከፍ ብሎበታል። ከፍ ያለው ግን ጋዝ በዝቶ ሳይሆን የሚገባው አየር ራሱ ጭስ ስላለበት ነው። እሱ አየሩን አልለካም። ብሎኗን አዙሮ ጋዙን ቀነሰና ቁጥሩን 9.2 ላይ አመጣው። ወረቀት ላይ የሚያምር ሥራ ነው። ነገር ግን ቦይለሩ የተስተካከለው ለተበከለ አየር ነው። ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር ቱቦው በንጹህ አየር ይሞላል፣ ጠዋት ጋዙ ለዚያ አየር ያንሳል፣ መለኮሻው እሳት ቢረጭም አይያዝም። በስንት ልመና አንዴ ከተያዘ ጭሱ መዞር ይጀምራል፣ ቦይለሩም «ደህና» ይሆናል። ቦርዱ ምን አደረገ?

ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። ሰነፍ ቢሆን ብሎኗን ባልነካ። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ያ መገጣጠሚያ ትንሽ ቆይቶ ሙሉ በሙሉ ቢላቀቅና የውጪው ቱቦም አብሮ ቢከፈት፣ ጭሱ ኮርኒስ ውስጥ ነበር የሚቀረው። ኮርኒሱ ደግሞ ከመኝታ ክፍሎቹ በላይ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታቱን ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ይተኛበታል። ቤቱ ውስጥ አንድም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ አልነበረም። አስገዛናቸው።

ብሎኗን እንደ መመሪያው አስተካክለን፣ በትልቁም በትንሹም እሳት ለክተን፣ ቁጥሮቹን የቦይለሩ ክዳን ውስጥ ጻፍናቸው። የአየሩንም ጭምር። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ከምን ተነስቶ እንደሚያወዳድር ይወቅ። ከዚያ አጥፍተን እስኪቀዘቅዝ ጠበቅንና እንደገና አስነሳነው። በመጀመሪያው ተያዘ።

እመቤቲቱ ተደሰቱ። ኮርኒሱን ቀና ብለው ሲያዩ ግን ፊታቸው ተቀየረ። «ይህን ጉድጓድ ትደፍኑታላችሁ አይደል?»

አንደፍነውም አልኳቸው። መገጣጠሚያ ባለበት ሁሉ ተከፍቶ የሚታይበት ክዳን ያስፈልጋል፤ ያለዚያ በሚቀጥለው ምርመራ ሌላ ሰው መጥቶ እንደገና ያፈርሰዋል። ኮሪደሩን ያበላሽብኛል አሉ። እኔም ክዳኑ ካልተሠራ አልሄድም አልኩ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ክዳኑ በኮርኒሱ ቀለም እንዲቀባ ተስማማን፤ ረዳቴም ቀለም ሊያመሳስል መሰላሉን መልሶ አወጣ።