ኪሎ ሜትር ቆጥሬ የተሳሳትኩበት መንገድ፦ በማዮርካ ተራሮች ጠርዝ በብስክሌት

ካርታ ላይ ሲታይ ነገሩ ቀላል ይመስላል። በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ የምትገኘው የስፔኗ ማዮርካ ደሴት በሰሜን ምዕራብ ጠርዟ ሴራ ደ ትራሙንታና የሚባል የተራራ ሰንሰለት አላት፤ ኤምኤ 10 የተባለው መንገድም ከአንድራች ተነሥቶ በሰንሰለቱ ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ እስከ ፖዬንሳ ይዘልቃል። ርዝመቱ ከ110 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። እኔም ሜዳ ላይ በቀን 80 እና 90 ኪሎ ሜትር መንዳት ስለለመድኩ፣ ሁለት ቀን ይበቃኛል ብዬ አስቤ መሐል ላይ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ብቻ ያዝኩ። መንገዱ አራት ቀን ፈጀብኝ።

የተሳሳትኩት በተራራው ከፍታ ላይ አይደለም። የሰንሰለቱ ትልቁ ጫፍ ፑች ማዮር 1,400 ሜትርን በጥቂቱ ቢያልፍ ነው፤ ደጋ ላይ ለኖረ ሰው ይህ ቁጥር የሚያስደነግጥ ሳይሆን “ቆላ ነው እንጂ” የሚያሰኝ ነው። ያልገባኝ ነገር፣ ባሕር ዳር ያለ ተራራ የሚያደክመው በቁመቱ ሳይሆን በመደጋገሙ መሆኑ ነበር። ደጋማ አገር ላይ አቀበቱን አንድ ጊዜ ከጨረሱት አምባው ላይ ለሰዓታት መንዳት ይቻላል። እዚህ ግን ከተራራው ወደ ባሕሩ የሚወርዱት ሸለቆዎች ጠርዙን ስለሸነሸኑት፣ መንገዱ በየሸለቆው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ቁልቁል ይወርዳል፣ ድልድይ ይሻገራል፣ ከዚያም በማዶው ወገን እንደገና ሽቅብ ይወጣል። አንዱ ዳገት 50 ሜትር፣ ሌላው 80 ሜትር ቢሆን ነው፤ ለብቻው ስም የሚገባው አንድም የለም። ማታ ሲደመሩ ግን አንድ ትልቅ ተራራ ይወጣቸዋል፤ ጉልበቴም የነገረኝ ይህንኑ ነበር።

ከአንድራች ስንነሣ ባሕሩ በግራ በኩል ይውላል። በስፔን መንገድ የሚያዘው በቀኝ ስለሆነ፣ በዚህ አቅጣጫ የሚሄድ ብስክሌተኛ የተራራውን ጥግ ይዞ ይጓዛል፤ ከፖዬንሳ የሚመጣው ደግሞ ገደሉንና ባሕሩን ከክርኑ ሥር ያገኛቸዋል። ለዕይታ ሲባል ከሰሜን መጀመር ይሻላል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን አንዳንድ ቦታ ላይ ከጉልበት የማያልፈውን የድንጋይ ከለላ ካየሁ በኋላ፣ በእኔና በገደሉ መካከል አንድ ረድፍ አስፋልት በመኖሩ አልተቆጨሁም። ዕይታውንም ቢሆን ቆም እያልኩ ጠግቤዋለሁ፤ ለማረፍ ሰበብ ይሆናልና።

የመጀመሪያው ቀን እስቴዬንክስን አልፎ ባንያልቡፋር ላይ አበቃ። የመንደሩ ስም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን “ባሕር ዳር የተሠራ” እንደማለት ነው ይባላል፤ “ባሕር” የሚለው ቃል በውስጡ ተቀብሮ ማግኘቴ ባዕድነቱን ቀነሰልኝ። ከመንደሩ ሥር እስከ ባሕሩ ድረስ በደረቅ ድንጋይ ካብ የታሰረ እርከን በእርከን ላይ ተደርድሯል። ካቡ ጭቃም ሲሚንቶም የለበትም፤ ትልልቁ ድንጋይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ከኋላው ትንንሹ ይጎዘጎዛል፣ የዝናቡ ውኃም አፈሩን ሳይዝ በመሐሉ ሾልኮ ይወጣል። ብስክሌቴን ካቡ ላይ አስደግፌ ትንፋሼን ስሰበስብ ትዝ ያለኝ ኮንሶ ነበር። ነገሩ የስሜት ብቻም አይደለም፦ የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድርና ሴራ ደ ትራሙንታና በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈሩት በአንድ ዓመት፣ በ2011 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው፤ ሁለቱም በእርከናቸው ነው የሚታወቁት። በመኪና መስኮት ሲያልፉት ውብ ግድግዳ የሚመስለው ነገር፣ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ ሲያዩት የስንት ሰው ጀርባ እንደጎበጠበት ማሰብ ያስገድዳል።

በሁለተኛው ቀን ቫልዴሞሳንና ደያን አልፌ ወደ ሶዬር ስወርድ ችግሩ ጉልበቴ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። የተከራየሁት ብስክሌት ለፈጣን ግልቢያ እንጂ ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ ሁለት ከረጢት ተንጠልጥሎበት ተራራ ለሚወጣ ሰው የተዘጋጀ አልነበረም። ከፔዳሉ ጋር የሚዞረው ትንሹ ማርሽ 34 ጥርስ፣ ከኋላ ያለው ትልቁ ማርሽ ደግሞ 28 ጥርስ ነበረው። ይህ ማለት ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል ማለት ነው፤ ከነጭነቱ በዳገት ላይ ይህን ያህል መሄድ እያንዳንዱን ዙር ከባድ ዕቃ ወደ ቆጥ እንደማውጣት ያደርገዋል። ሲከራዩኝ ጭነት እንደምይዝ ተናግሬ ነበር፤ ሰሚ አላገኘሁም እንጂ። ሶዬር ውስጥ ያገኘሁት መካኒክ የኋላውን ማርሽ ባለ 34 ጥርስ በሆነ ለወጠው፣ ካቴናውንም በጥቂት ቀለበት አስረዘመው። አሁን ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ጎማውም አንድ ዙር ብቻ ይዞራል፤ ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ልዩነቱ በቁጥር ሲጻፍ ኢምንት ነው፤ ለጉልበቴ ግን የመታረቅ ያህል ነበር። ጭነት ይዞ ወደ እንዲህ ያለ ቦታ የሚሄድ ሰው ስለ ብስክሌቱ ክብደት ከመጨነቁ በፊት የኋላ ማርሹን ጥርስ ይቁጠር።

በሦስተኛው ቀን የጠበቀኝ ሳ ካሎብራ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ባሕሩ የሚወርደው መንገድ ነው። ከሶዬር ወደ ፑች ማዮር ትከሻ የሚወስደው አቀበት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ረጅም ቢሆንም ሐቀኛ ነው፣ ሳያታልል ቀስ እያለ ይወጣል። ከዋሻው ባሻገር ኩበርና ጎርግ ብላው የተባሉትን ሁለት ሰው ሠራሽ ሐይቆች ካለፍኩ በኋላ ወደ ግራ የሚገነጠለውን መንገድ ያዝኩ። ይህ መንገድ ባሕሩ ጋ ሲደርስ ያበቃል፤ መውጫው የገቡበት ነው፣ ካልሆነ ደግሞ ወደ ሶዬር ወደብ የሚመለስ ጀልባ። ዳገት ሲባል ድካሙ ቀድሞ ደስታው ይከተላል፤ እዚህ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። የዓባይን በረሃ የተሻገረ ሰው ነገሩ ይገባዋል፦ እየወረዱ ሳለ ዓይን ማዶውን ይለካል።

መንገዱን የቀየሰው አንቶኒዮ ፓሪዬቲ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን ሥራው ያለቀው በ1932 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው። መሐንዲሱ ተራራውን በዋሻ ከመብሳት ይልቅ መንገዱን በተራራው ፊት ላይ እንደ ገመድ ማጣጠፍን መረጠ። ከላይ አካባቢ ቁልቁለቱ የሚያስተናግደው ቦታ ሲያጣ መንገዱን 270 ዲግሪ አዙሮ በራሱ ሥር አሳለፈው። የቦታው ሰዎች ይህን መጠምዘዣ “የከረባት ቋጠሮ” ይሉታል፤ እነሱ ኮርባታ፣ እኛ ከረባት የምንለው ያው የአንገት ጨርቅ ነው፤ ቋጠሮውን ከላይ ሆኖ ላየው ሰው ስሙ ልክክ ያለ ነው። ሲወርዱ ፍሬን ያለማቋረጥ መያዝ ጎማውንም ጣትንም ያቃጥላል። ስለዚህ ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ፣ ኩርባው ውስጥ ለቀቅኩ፣ የውጪውን እግሬን ወደ ታች ዘርግቼ ክብደቴን በሙሉ ፔዳሉ ላይ ጣልኩ። እንዲህም ሆኖ ታች ስደርስ የእጄ ጣቶች እንደ መንጠቆ ታጥፈው ቀርተው ነበር።

ታች፣ የፓሬይስ ጅረት ያበጀው ሸለቆ ባሕሩን በሚገናኝበት ጠጠራማ ዳርቻ ላይ፣ ከሚገባው በላይ ተቀመጥኩ። ጥፋቴ ይህ ነበር። ውኃዬን ጨረስኩ፣ የመጨረሻውን ሙዝ በላሁ፣ ፀሐዩም ዓለቱን እስኪያግል ድረስ ጠበቅኩት። ስነሣ ሰባት ሰዓት ሆኗል። የሚጠብቀኝ 9.5 ኪሎ ሜትር ገደማ በአማካይ 7 በመቶ የሚወጣ መንገድ ነው፤ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ሽቅብ ማለት ነው። ሁለቱ ዓለቶች ተጠጋግተው መንገዱን ባጠበቡበት ቦታ ላይ የጎብኚዎች አውቶቡስ ፊት ለፊት ገጠመኝና ወርጄ ዓለቱ ላይ ተለጠፍኩ፤ አውቶቡሶቹ ሳይበዙ ማለዳ መውረድ እንደሚመከር የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። በስተመጨረሻ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ አንዲት ሴት በዝግታ እየነዱ ደረሱብኝ፣ ቆሜ አፌን በእጄ ስጠርግ አዩና አንዳች ሳይናገሩ የውኃ ጠርሙሳቸውን ዘረጉልኝ። ግማሹን ጠጣሁት። ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ የማስታውሰው ኩርባ በኩርባ ሳይሆን ጥላ በጥላ ነው። ከታች ከተነሣሁ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቋጠሮውን ዞሬ 680 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው ማለፊያ ወጣሁ።

የዚያን ዕለት ያደርኩት ዩክ ገዳም ነው፤ ለመንገደኛ ማደሪያ ያከራያል። በማግሥቱ ወደ ፖዬንሳ የሚወስደው መንገድ ከአጭር አቀበት በኋላ ቁልቁለት ስለሆነ ያለ ፔዳል ወረድኩት ማለት ይቻላል። ፖዬንሳ መሐል ግን ከተማዋ የምትታወቅበት፣ ከኮረብታው አናት ወዳለው ቤተ ጸሎት የሚያወጣ 365 ደረጃ አለ። ብስክሌቴን ከመጀመሪያው ደረጃ አስደግፌ ሽቅብ አየሁት፤ ከዚያም ዞር ብዬ ማዶ ካለው ቡና ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ።